የፊደል ስፋት፦ የግዕዝ ፊደል በተርሚናል መስኮት ያለፈበት መንገድና የገዳሪፍ–መተማ ድንበር ቋንቋዎች

ከገዳሪፍ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ድንበሩን የሚሻገረው ተቃቅፈው በተቀመጡ ሁለት ከተሞች መካከል ነው። በሱዳን በኩል ያለው ገላባት፣ በኢትዮጵያ በኩል ያለው መተማ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወሰን ውል የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በግንቦት 15 ቀን 1902 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ዐረብኛ የውሉ ቋንቋ አልነበረም። የቦታ ስሞቹን በየቀኑ የሚጠራውና የሚጽፈው ሕዝብ ግን በአንድ በኩል በዐረብኛ፣ በሌላው በኩል በአማርኛ ሲጽፋቸው ኖሯል።

ገላባት በዐረብኛ ሲጻፍ ከመስተአምሩ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ቃፍ ነው፤ የገዳሪፍም እንዲሁ። የሱዳን ተናጋሪ ያን ፊደል በዕለት ንግግሩ «ገ» ብሎ ያሰማዋል። አማርኛ ጆሮው የሰማውን ጽፏል፤ ዐረብኛው ደግሞ የፊደሉን ዘር ጠብቋል። ስለዚህ ፊደል በፊደል የሚመልስ ሰው «ቀላባት» እና «ቀዳሪፍ» ላይ ይደርሳል፤ እነዚህን ስሞች ግን በአካባቢው የሚያውቃቸው የለም። ይህ የሥነ ድምፅ ጥያቄ ነው፤ የቋንቋ ምሁራንም በሚገባ ያውቁታል። ብዙም ያልተጻፈለት ሌላው ጥያቄ የመሣሪያ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ስሞች በአንድ መስመር፣ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሲፈለግ፣ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ፊደል ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝም አስቀድሞ የወሰነ አካል አለ። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የዚያን ውሳኔ ታሪክ ነው።

መስኮቱ ተርሚናል የሚባለው ነው። የቃላት ዝርዝር የሚደረድር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድ ምዕላድ የሚፈልግ፣ ሁለት የጽሑፍ ቅጂዎችን የሚያነጻጽር ተመራማሪ ውሎ አድሮ ወደዚህ መስኮት መግባቱ አይቀርም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተሠሩት ነጻ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ነውና የሚኖሩት። የዛሬው የተርሚናል ፕሮግራም በ1978 ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውን ቪቲ100 የተባለ ዕቃ አስመስሎ የሚሠራ ነው። ያ ዕቃ 80 ዓምድና 24 መስመር ነበረው። በአንድ መስመር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል አንድ እኩል ሳጥን ይይዛል። ሐሳቡ ከጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። አማርኛ በጽሕፈት መኪና ላይ በገባበት ዘመን እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸውም ይኸው የሳጥን ጉዳይ ነበር፤ እነርሱ ግን መኪናውን ራሱን ለፊደሉ የማስተካከል ዕድል ነበራቸው። የተርሚናሉ ሳጥን የተበጀው ስለ ግዕዝ ፊደል ፈጽሞ ባላሰቡ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ፊደሉ ወደ ሳጥኑ አልገባም፤ በላቲን ልብስ ገባ እንጂ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በአስኪ ምልክቶች ብቻ መጻፍ የሚቻልበትን ደንብ ሠራ። ትንሹ «ቲ» ተን ሲሆን ትልቁ «ቲ» ጠን ይሆናል፤ ትንሹ «ሲ» ቸን፣ ትልቁ ጨን፤ ትንሹ «ኤች» ሀን፣ ትልቁ ሐን። ኀ እና ሠ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትንሽ ጭረት ይቀበላሉ። አራት ነጥብ በሁለት ተከታታይ ኮለን ይጻፋል፤ ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሴራን እንደ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ብቻ ማየት ፍትሐዊ አይደለም። ሰዎች በዘፈቀደ በላቲን ከሚጽፉት አማርኛ የሚለየው በትክክል ወደ ፊደል ሊመለስ መቻሉ ነው፤ ሞክሼ ሆሄያት አይቀላቀሉበትም። ለቋንቋ ጥናት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ጉድለቱ በቅደም ተከተል ላይ ነው። በአስኪ ትልልቆቹ የላቲን ፊደላት ሁሉ ከትንንሾቹ ቀድመው ስለሚቆጠሩ፣ በሴራ የተጻፈ መዝገበ ቃላት በማሽን ሲደረደር ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ከዝርዝሩ ፊት ይሰለፋሉ። ፈንጂ ድምፆችን አንድ ላይ የሰበሰበ ይመስላል፤ ቀ ግን በትንሹ «ኪው» ስለሚጻፍ ከወገኖቹ ተለይቶ መሐል ይቀራል፤ ኘ እና ዠም ያለ ግብራቸው ከፈንጂዎቹ ጋር ይቆማሉ። ማሽኑ የሥነ ድምፅ ትምህርት የጀመረ መስሎ በመጀመሪያው ገጽ ይወድቃል።

ፊደሉ በራሱ ቅርጽ ወደ ሳጥኑ ከገባባቸው ቀዳሚ በሮች አንዱ የተከፈተው በጃፓን ነው። በጽኩባ ከተማ ከነበረው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ እነ ኬኒቺ ሃንዳ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ለብዙ ቋንቋዎች የሚሆን አድርገው ሚዩል በሚል ስም አሰፉት። በዚያ ውስጥ ናኦቶ ታካሃሺ የግዕዝን ፊደል አገባ፤ ከሴራ ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ሴራ የሚመልሱ ትእዛዞችንም ጻፈ። ሚዩል በ1997 ከወጣው ኢማክስ 20 ጋር ተዋሐደ። የዚህ ሥራ አንድ ዝርዝር ለዚህ ታሪክ ወሳኝ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በሚዩል ውስጥ ሁለት ሳጥን እንዲይዝ ተደረገ። ለጃፓን መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የካንጂና የካና ምልክቶች ቀድሞውንም ሁለት ሁለት ሳጥን ይይዙ ነበርና። ሐ፣ ሠ፣ ጠ፣ ጨ ባለሦስት እግር ናቸው፤ ሿ፣ ጯ፣ ኳ ደግሞ ከነቅጥያቸው ይሰፋሉ። ከላቲኑ «አይ» እኩል ቦታ ስጧቸው ማለት እግራቸውን ማጣበቅ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። የምልክቶችን ስፋት የሚመለከተው የዩኒኮድ ሰነድ ግን የተጻፈው ለምሥራቅ እስያ ጽሕፈቶች ነው፤ ግዕዝ በዚያ ውስጥ «ገለልተኛ» ተብሎ ተመደበ። ገለልተኛ ማለት ሰነዱ ስለ እርሱ የሚለው የለም ማለት ነው። ተርሚናል ግን ዝምታን አይረዳም፤ ቁጥር ይፈልጋል። በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ማርከስ ኩን በዩኒኮድ ላይ ተመሥርቶ የጻፈውና ከዚያ በኋላ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሮግራሞች የቀዱት የስፋት ማስያ፣ ሰፊ ተብሎ ያልተመደበውን ሁሉ አንድ ሳጥን ይሰጠዋል። ግዕዝም አንድ ሆነ። ይህን በቸልተኝነት መፈረጅ አይገባም። ኩን ለሙከራ ባዘጋጀውና በተርሚናል ሠሪዎች ዘንድ በሰፊው በሚታወቀው የናሙና ፋይል ውስጥ በአማርኛ የተጻፉ ተረትና ምሳሌዎች አሉ፤ ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ መሐንዲስ የግዕዝን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማያ ገጹ ላይ ያየው በእነርሱ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ከዝምታ የተወለደ ቁጥር እንደ ውሳኔ ተቆጠረ፤ ማንም ስለ ፊደሉ ቅርጽ የተጠየቀ የለም።

እነሆ ሁለት ስፋት። ማረሚያው ጠቋሚው በሃያኛው ዓምድ ላይ ነው ሲል ተርሚናሉ በዐሥረኛው ላይ ያኖረዋል፤ የሚደመሰሰው ፊደል ሌላ፣ የሚጠፋው ሌላ ይሆናል። ሁለት ፕሮግራሞች ስለ አንድ ፊደል ስፋት ካልተስማሙ ከሁለቱ ማንኛቸውም ትክክል ቢሆኑ ለተጠቃሚው ለውጥ የለውም። በመጨረሻ ያሸነፈው «አንድ» ነው። ያሸነፈውም ለፊደሉ ስለሚስማማ ሳይሆን ብዙ ፕሮግራም ስለያዘው ነው።

የሊኑክስ የጽሑፍ ገጽ፣ ማለትም ዴስክቶፕ ሳይከፈት የሚታየው ጥቁር ማያ፣ ጉዳዩን ከሁሉ አጥብቆ ያሳያል። ለእርሱ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የተባሉ ባለ 12ና ባለ 16 ነጥብ ቁመት የግዕዝ ቅርጾች ተሠርተው ነበር። በዚያ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ ሊጫን የሚችለው የቅርጽ ብዛት ከ512 አይበልጥም። ስሌቱ ቀላል ነው። 345 የግዕዝ ምልክቶችና 95 የአስኪ ምልክቶች 440 ይሆናሉ፤ የሚተርፈው 72 ነው። የዐረብኛ 28 ፊደላት ደግሞ እንደ ቦታቸው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር የማይያያዙት ስድስቱ ሁለት ሁለት፣ ሃያ ሁለቱ አራት አራት ቅርጽ ሲኖራቸው ድምሩ 100 ይመጣል፤ ሐምዛና የተጣመሩት ሳይቆጠሩ። መተማንና ገላባትን በየራሳቸው ፊደል በዚያ ማያ ላይ በተሟላ ሁኔታ አብሮ ማኖር እንግዲህ በቁጥር ብቻ እንኳ የማይቻል ነበር። ድንበሩ በማስታወሻ ሰሌዳው ውስጥ ተሠምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዴስክቶፕ ተርሚናሎች ይህን የ512 ገደብ አያውቁም። ፎንታቸው የግዕዝ ፊደል ከሌለው ከሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ ከአቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ይዋሳሉ። የተዋሱት ፊደል ለነጻ ስፋት የተሣለ ስለሆነ በጠባቡ ሳጥን ውስጥ ወይ ይጨመቃል፣ ወይ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል፣ ወይ ጠርዙ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ተርሚናል ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። ከዚህ የከበደው ግን የአቅጣጫ ነገር ነበር። አብዛኞቹ ተርሚናሎች ለረጅም ዘመን ዐረብኛን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊደላቱን ነጣጥለው ሲያሳዩ ኖረዋል፤ ለአንባቢው ቃሉ ከጅራቱ የተጻፈ ያህል ነው። ኤምኤልተርም የተባለው የጃፓን ተርሚናል በ2000ዎቹ መጀመሪያ አቅጣጫን ማክበር ጀምሮ ነበር። ጂኖም ተርሚናል የሚጠቀምበት ቪቲኢ የተባለ ክፍል ግን እዚህ የደረሰው ኤግሞንት ኮብሊንገር ስለ ጉዳዩ ዝርዝር ደንብ ጽፎ በ2019 በስሪት 0.58 ሥራ ላይ ሲውል ነው።

እዚህ ላይ ከሴራ የተረፈው ሁለት ኮለን ተመልሶ ይመጣል። በዩኒኮድ የአቅጣጫ ደንብ የግዕዝ ነጥቦች፣ ፡ም ።ም ፣ም፣ እንደ ፊደላቱ ከግራ ወደ ቀኝ የመሄድ ጽኑ ጠባይ አላቸው። የአስኪው ኮለን ግን የራሱ አቅጣጫ የለውም፤ በቁጥሮች መካከል ካልሆነ በቀር የጎረቤቶቹን ይከተላል። ከግራ በሚጀምር መስመር ውስጥ ሁለት የዐረብኛ ስሞች ተከታትለው ቢመጡና በመካከላቸው አራት ነጥብ ቢኖር፣ ስሞቹ በተጻፉበት ተራ ይታያሉ፤ የግዕዙ ምልክት እንደ አጥር ይለያቸዋል። በአራት ነጥቡ ፈንታ ሁለት ኮለን ከተጻፈ ግን አጥሩ ይፈርሳል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ የዐረብኛ ሐረግ ተደርገው ይወሰዳሉ፣ ሁለተኛው በግራ የመጀመሪያው በቀኝ ይታያል። ፋይሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ ለዓይን ግን ተራቸው ተገልብጧል። በአባትና በልጅ ስም ዝርዝር ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። የግዕዝ ቁጥሮችም ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲሁ ጽኑ አቅጣጫ ስላላቸው፣ በሁለት ፊደል የሚጻፍ ዝርዝር ተራ ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ ቢያደርግ ይበልጥ ይረጋል። ይህ ጥቅማቸው ሳይታሰብ የተገኘ ነው።

እስካሁን የተባለው ዐይን የሚያየው ነው። ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ የሚያስከፋው ጉዳይ ፕሮግራሙ በሚገነባበት ጊዜ የሚወሰነው ነው። ኤንከርሰስ የተባለው፣ አብዛኞቹ የተርሚናል ፕሮግራሞች ገጻቸውን የሚስሉበት ላይብረሪ፣ ሲጠናቀር «ሰፊ ምልክቶችን ፍቀድ» የሚል ምርጫ አለው። ምርጫው ካልተደረገ ወይም ፕሮግራሙ ከጠባቡ ቅጂ ጋር ከተያያዘ፣ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት የሆነው አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ተደርጎ ይቆጠራል። የምንጩ ጽሑፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በግንባታው ትእዛዝ ላይ የተጨመረችው አንዲት ቃል ናት። «ይህ ፕሮግራም አማርኛ አይችልም» ተብሎ የሚነገረው ብዙ ጊዜ «ይህ ቅጂ እንዲህ ተገንብቷል» ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሠንጠረዥ ነገር ነው፤ የድንበሩን ትንንሽ ቋንቋዎች ይበልጥ የጎዳውም እርሱ ነው። ዩኒኮድ በ1999 የሰጠው 345 ቦታ በዋናነት ለግዕዝ፣ ለአማርኛና ለትግርኛ ይበቃ ነበር። በ2005 ለብሊን፣ ለመኢንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚሆኑ ተጨመሩ። ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ የሚሆኑት 32 ምልክቶች የገቡት በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ነው። ጉሙዝ በመተከል፣ በመተማና በቋራ ቆላ፣ ከወሰኑም ወዲያ በሱዳን ምድር የሚነገር ቋንቋ ነው። የ2010ሩ ውሳኔ ግን ወደ ማሽኖቹ ወዲያው አልደረሰም። የሊኑክስ ዋና ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ የምልክት ሠንጠረዡን ከዩኒኮድ መረጃ በራሱ በሚያመነጭ አዲስ ስክሪፕት ወደ ዩኒኮድ 7.0 ያደረሰው በ2015፣ በስሪት 2.22 ነው። እስከዚያ ድረስ በቀድሞው ሠንጠረዥ እነዚያ ፊደላት ያልተመደቡ፣ የማይታተሙ ነበሩ። ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ የማይታተም ምልክት ሲያገኝ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያሳይ ነበር። ስለዚህ በአንድ ማህደር ውስጥ በአማርኛ የተሰየመው ፋይል ስሙ ሙሉ ሆኖ ሲነበብ፣ የጉሙዙ ስም መሐሉ ጥያቄ ምልክት ይሆን ነበር። ፎንት መጨመር ይህን አይፈውሰውም፤ ጉድለቱ በቅርጹ ላይ አይደለምና።

ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰበት የጥብቀት ምልክት ነው። አማርኛ «አለ» ብሎ ሲጽፍ ተናገረ ማለቱን ወይም ይገኛል ማለቱን የሚለየው ጥብቀት በተለመደው ጽሕፈት አይታይም፤ የድምፅ ጥናት ግን ያለ እርሱ አይሆንለትም። ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው የጥብቀት ምልክት በ2005 ሲገባ፣ የአናባቢን ርዝመትና ርዝመትን ከጥብቀት ጋር የሚያሳዩት ሁለቱ በ2010 ተከተሉ። ሦስቱም ስፋታቸው ባዶ መሆን አለበት። የኩን ማስያ የመጨረሻው እትም የ2007 ስለሆነ የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ሁለቱን አያውቅም፤ በእርሱ ዘንድ አንዳንድ ሳጥን ይይዛሉ። ያን ማስያ እንዳለ ቀድቶ የያዘ ፕሮግራም በተንታኙ ሠንጠረዥ ውስጥ ርዝመት የተመለከተበትን መስመር ሁሉ ከዓምዱ ያዛንፈዋል። ምልክቱ በበዛ ቁጥር ዓምዱ ይበልጥ ይዛባል። መረጃን በእጅ መቅዳትና በግንባታ ጊዜ ከምንጩ ማመንጨት መካከል ያለው ልዩነት ለመሐንዲሶች የጥገና ጉዳይ ነው፤ ለጉሙዝና ለትግረ ግን ዕድሜያቸውን በዓመታት የሚያዘገይ ነው። በ2021 ለጉራጌ የተጨመሩት 28 ምልክቶች ደግሞ በዩቲኤፍ-8 አራት ባይት ይይዛሉ፤ «የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው» ብለው የተሠሩ አቋራጮችን ሁሉ ያፈርሳሉ።

በጂሊብሲ ውስጥ ከአማርኛና ከትግርኛ ሌላ ለትግረ፣ ለብሊንና ለግዕዝ የአካባቢ ቅንብር አለ፤ በከሰላ በኩል የሚነገሩ ቋንቋዎች ናቸውና ትግረና ብሊን በዚህ ዕድለኞች ናቸው። ለጉሙዝ የለም፤ ለበጃም የለም።

እነዚህ ዝርዝሮች ከመዝገበ ቃላት ሥራ ውጭም ይቆጠራሉ። ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግሯል፤ ብዙውም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ተጠልሏል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ በገላባት በኩል ወደ መተማ ገባ፤ ኩመርና አውላላ የተባሉት ጣቢያዎችም ተከፈቱ። የሁለቱም ስደት ስሞች ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ማለፋቸው የግድ ነው። ጨ እና ቸ በዐረብኛ መለያ የላቸውም፤ ኧ እና እ ይጠፋሉ፤ ተስፋይና ተስፋዬ አንድ ስም ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱን ጽሕፈቶች አብሮ መያዝ ነው፤ አብሮ መያዝ ደግሞ ሁለቱን በአንድ መስመር በትክክል የሚያሳይ፣ የሚደረድርና የሚፈልግ መሣሪያ ይጠይቃል።

የስፋቱ ክርክር በቅርቡ እንደገና ተከፍቷል። ኪቲ የተባለው ተርሚናል በ2025 በስሪት 0.40 ያመጣው ደንብ፣ አንድ ጽሑፍ ስንት ሳጥን እንደሚይዝ ሠንጠረዥ ከመገመት ይልቅ ጽሑፉን የሚልከው ፕሮግራም ራሱ እንዲናገር ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ጨ ሁለት ሳጥን ይሰጠኝ ብሎ የሚጠይቅ ማረሚያ መጻፍ ይቻላል፤ ታካሃሺ በሚዩል የመረጠው ስፋት ማለት ነው። ነገር ግን «አንድ» በሚለው ቁጥር ላይ ተመሥርተው በክፍት ቦታ የተሰለፉ የቃላት ዝርዝሮችና የትንታኔ ሠንጠረዦች ባለፉት ሃያ ዓመታት ተከማችተዋል። ፊደሉ ሲሰፋ የእነርሱ ዓምድ ይሰበራል። ስለዚህ ምርጫው ለእያንዳንዱ ፋይል ተለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ደንቡ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቦታ በፋይሉ ውስጥ አላበጀም፤ የሚናገረው ለመስኮቱ ብቻ ነው።